ሁለት ደቂቃ ለቱርቦው

የዚህ ከተማ ሰው ማብቃቃት ያውቅበታል። ካላመናችሁኝ ተነሡና መታጠቢያ ቤታችሁን እዩ፤ ልታልቅ የደረሰችው ሳሙና አዲሷ ጀርባ ላይ ታዝላ ታገኟታላችሁ። የጥርስ ሳሙናው መጀመሪያ ከጭራው ይጠቀለላል፣ ቀጥሎ ይጨመቃል፣ በመጨረሻ በመቀስ ተቀዶ ሆዱ ይጠረጋል። የጋዝ ሲሊንደሩ አለቀ ሲባል በጎኑ ይጋደምና ሌላ ሁለት ቀን ሽሮ ያንተከትካል። እኔ ራሴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ከጨረስኩት በኋላ ኅዳጉ ለማስታወሻ ይሆናል ብዬ የማስቀምጥ ሰው ነኝ። አላፍርበትም። ያደግነው እንዲህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ነገር ሲስቡት የሚለጠጥ የመሰለን ዕለት ነው። አንዳንድ ነገር አለ፣ ቆጠብኩለት ስትሉ የከለከላችሁት። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ጎተራ አካባቢ፣ በምትጨስ መኪና ጎን ቆሜ፣ ጣት የሚለበልብ ካንዴላ በመሐረብ ይዤ። ካንዴላ ስል ሞተሩ ውስጥ ገብታ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለውን፣ ጣት የምታህለውን ዕቃ ማለቴ ነው። መኪና የሌላችሁ እንዳትሸሹኝ ብዬ ነው የማብራራው። ነገሩ የመኪና ይመስላል እንጂ የመኪና ብቻ አይደለም።

እንግዲህ መኪናዬ። ዕድሜዋን አትጠይቁኝ። አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሸጧት፣ የገዛት ሰው መልሶ ሸጧት፣ ያም ሌላ ሰው ላይ ጣላት፤ እኔ ዘንድ ስትደርስ የመጀመሪያ ቀለሟ ምን እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ግን ቱርቦ አላት። ነዳጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ይነሣና መኪናዋ አንድ ሰው ከኋላ የገፋት ይመስል ወደፊት ትስባለች። ያን ፉጨት ሰምቶ «ታምሩ መጣ» የማይል ሰው ካዛንቺስ ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ካዛንቺስ ሰፈራችን በነበረ ጊዜ ማለቴ ነው።

ስለ ቱርቦ ያስተማሩኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው መካኒክ ናቸው፤ ድሮ ከግቢያችን ጀርባ የራሳቸው ጋራዥ ነበራቸው፣ አሁን ቡልጋሪያ ሰፈር የሰው ጋራዥ ጥግ ይዘው ይሠራሉ። መጀመሪያ የወሰድኩላቸው ቀን ኮፈኑን ከፍተው አዩና፣ ይህን ሞተር እንደ ሌላው እንዳታየው ብለው ጀመሩ። ሞተር በላተኛ ነው አሉኝ። አየሩ እንጀራው ነው፣ ቤንዚኑ ወጡ። ተራ ሞተር በራሱ እጅ እየቆረሰ እንደ አቅሙ ይበላል። ቱርቦ ያለው ግን አጠገቡ አጉራሽ ተቀምጧል፤ ያ አጉራሽ በሚወጣው የጭስ ግፊት እየተሽከረከረ አየሩን እየጠቀጠቀ ያጎርሰዋል። ጉርሻው በተለቀ ቁጥር ታዲያ ወጡም መጨመር አለበት። ወጡ ከልክ ሲያልፍ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ይወስዳል፣ ሞተሩም ቀስ በቀስ ያልቃል። ወጡ ሲያንስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤንዚን ማቃጠል ብቻ አይደለም ሥራው፤ እግረ መንገዱን ያቀዘቅዛል። ጎድሎ ሲገኝ እሳቱ ይከርርና ብረቱን መብላት ይጀምራል። ይህን ብለው ሲያበቁ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣

«ሲበዛበት ያረጃል፤ ሲያንሰው ይሞታል» አሉኝ።

መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በካንዴላው ነው። ተፈትታ ስትታይ ጫፏ ማኪያቶ መምሰል አለባት። ከጠቆረች በዝቶባታል፣ ከነጣች ተርባለች። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልገዋለን።

ሁለተኛ ትእዛዝም ነበራቸው። ቱርቦ ያለው መኪና ደረስኩ ብለህ ክርችም አድርገህ አታጠፋም አሉ። ቱርቦው በዚያ ሁሉ ግለት ሲሽከረከር ቆይቶ ዘይቱ ድንገት ሲቋረጥበት ውስጡ ያራል። ስለዚህ ቆመህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ሁለት ደቂቃ ታበርደዋለህ። ሁለት ደቂቃ ብቻ።

ከዚህች ሁለት ደቂቃ ነው ነገሬ ሁሉ የመጣው።

ያን ጊዜ የምኖርበት ግቢ ስምንት አባወራ ነበረው። እኔ ከጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። አስካለ ደግሞ የግቢው በር አጠገብ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ታሳድጋለች። እኔ መኪናዋን በገዛሁ ማግሥት ከሥራ ስመለስ በሩ ጋ ቆምኩና እንደታዘዝኩት ማብረድ ጀመርኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ በአስካለ መስኮት ገባ። ወጣች። በእጇ የምታርምበት ቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ ያን እስክሪብቶ በኔ በኩል አቅንታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልትፈጀን ነው?» አለች። እኔ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ስለ ቱርቦ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ጋሽ ሸምሱ አስረዳኋት። ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው አልኳት። መምህርት አይደለች፣ ሰዓቷን አየችና እዚያው ቆማ ቆጠረች። ሲሞላ «አሁን አጥፋ» ብላኝ ገባች።

በማግሥቱም ወጣች። ሳትቆጣ ነው የወጣችው፤ ሰዓት ልትይዝልኝ። በሦስተኛው ቀን የሹፌሩ መስኮት ላይ ክንዷን አሳርፋ ቆመች። በንዴት የጀመረችው «አንተ» በዚያው ቀረ፣ እኔም አንቺ አልኳት፣ ሃያ ዓመት ሊሞላ እስኪል ድረስም ከዚያች መስኮት ንቅንቅ አላልንም። ምን ታወሩ ነበር ትሉኛላችሁ። ምን እናወራለን፣ ውሃ መሄዱን፣ መብራት መምጣቱን፣ ከተማሪዎቿ አንዱ «አራዊት» በሚለው ጥያቄ ሥር የአጎቱን ስም መጻፉን፣ የልጇን ውጤት። ተደምሮ ስንት ሰዓት እንደሚሆን አልደመርኩትም፤ ፈራሁት። አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ጋሽ ሸምሱ ያሉት ሁለት ደቂቃ ነው። እኔ ቱርቦው እያረጀ ነው እያልኩ ሦስት አደረግኩት፣ ከዚያ አምስት፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት አሥር ደርሶ ነበር። እሷም ሰዓቷን ማየት ትታ ነበር።

እንዴት ነው ሳትነግራት የቀረኸው አትበሉኝ። ለእናንተ ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ሰውዬ እሷ ፊት ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ነገ አለ እላለሁ። ነገም መኪናዋ መብረድ አለባት፣ ነገም ትወጣለች። ቃልን ያህል ነገር አብቃቅቼ ያዝኩ፤ እንዳያልቅብኝ ነው መሰለኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተፈለገና ተነሣን። ስለዚህ ብዙ አልልም፤ የሆነባችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያልሆነባችሁ ብነግራችሁም አይገባችሁም። አስካለ የቀበሌ ቤት ስለነበራት ከአቃቂ ወዲያ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሳት። እኔ ተከራይ ስለነበርኩ የደረሰኝ ዕቃዬን መጫን ነው፤ ላንቻ አንድ ክፍል ፈልጌ ገባሁ። አሁን ግቢያችን የነበረበት ቦታ ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር አለ። ያምራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየሄድኩ የግቢው በር ነበረበት ብዬ የምገምተው ቦታ ዳር አቆምና ሞተሩን ሳላጠፋ ሁለት ደቂቃ እቀመጣለሁ። አንድ ደንብ አስከባሪ በመስታወቱ አጎንብሶ፣ አባት እዚህ መቆም አይቻልም ሲለኝ፣ ሞተር እያበረድኩ ነው እለዋለሁ። አሁን ለምዶኛል፤ ሲያየኝ ወደ ሌላ በኩል ይዞራል።

ናፈቀችኝ። ሰፈሩም፣ ግቢውም፣ የቧንቧው ወረፋም ሳይቀር ናፍቆኛል፤ ግን ሁሉን አራግፌ ስመለከተው የናፈቀችኝ እሷ ናት። ማታ ከሥራ ወጥቼ ላንቻ ስደርስ፣ ሞተሩን ሳበርድ፣ የሹፌሩ መስኮት ላይ ክንድ የለም። እጄን ዘርግቼ የመስኮቱን ጠርዝ የነካሁበት ቀን አለ። ይህንንም ለእናንተ ብቻ ነው የምናገረው።

እሑድ እሑድ ግን እሄድ ነበር። አቃቂን አልፌ ሕንፃው ሥር ስደርስ ፉጨቱን ሰምታ አራቱን ፎቅ ትወርዳለች፤ መስኮቴ ላይ ክንዷን ታሳርፋለች፤ እናወራለን። ከዚያ ወጥተን ብርቱካን ያዢ፣ ሻይ ያዝ ይባላል። እሱ ግን ሌላ ነው። ቤቷ ስገባ እንግዳ እሆናለሁ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብዬ እቀመጥና የግድግዳውን ሰዓት አደንቃለሁ። የምናወራው መስኮቱ ጋ ብቻ ነበር። ታዲያ ለአንድ መስኮት ደርሶ መልስ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ቤንዚን ይበላል። ቤንዚኑ ደግሞ እንደምታውቁት በሰልፍ ነው የሚገኘው። ግማሽ ቀን ተሰልፌ የማገኘው ነዳጅ አንድ እሑድ ወስዶ ይመልሰኛል፣ ቢሮ ያደርሰኛል፣ ያልቃል። እኔ ግን እሑድ አልበቃ አለኝ። ረቡዕንም ፈለግኩ።

ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄጄ፣ ቤንዚኑን ትንሽ ቀነስ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ቁጠባውን ሞተሩ ላይ አትፈልገው ብለው መለሱኝ። ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሌላ መኪና ሥር ገቡ።

እና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ራሴ ከፈትኩት። ማን አስተማረህ ትሉኝ ይሆናል፤ ራሳቸው ናቸው። በአሮጌዎቹ መኪናዎች ላይ አየሩ የሚለካበት አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች። በውስጧ በስፕሪንግ የተያዘች ጥርሳም ክብ ብረት አለች፤ እሷን በጥርስ በጥርስ ስታጠብቋት ሞተሩ አየሩ ትንሽ ነው ብሎ ይታለልና የሚረጨውን ቤንዚን ይቀንሳል። ጋሽ ሸምሱ ከዓመታት በፊት ልኩን ሲያስተካክሉ እንዳይጠፋቸው ጥርሷ ላይ ምልክት አድርገውበት ነበር። ምልክቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ነው፤ የአስካለ ልጅ ያን ጊዜ ኮረዳ ነበረችና ከእሷ ነው የተዋሱት። ያችን ቀይ ነጥብ እያየሁ ሁለት ጥርስ አጠበቅኩ።

ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተሻላት። ቀለል ብሏት፣ ፈጠን ብላ፣ ቤንዚኑም ተርፎኝ ረቡዕ ደርሼ መጣሁ። አይ ጋሽ ሸምሱ፣ ሽማግሌ መሆን ነው እንጂ ምንም የለም አልኩ። በሳምንቱ ሌላ ሦስት ጥርስ ጨመርኩ። አንድ ወር ሙሉ እሑድም ረቡዕም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ ነዳጅ ሲረገጥ ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቋቋ ዓይነት ድምፅ ታሰማ ጀመር። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሬዲዮ ከፈትኩበት።

በዚህ መሐል አንድ ረቡዕ አስካለ መስኮቴ ላይ ክንዷን አሳርፋ ሐዋሳ ያለችው ልጇ ልትወልድ እንደቀረበች ነገረችኝ። ልታርሳት ትሄዳለች። ያ ያለ ነው። ልጅቷ ግን ጨምራ፣ እማዬ ብቻሽን እዚያ ፎቅ ላይ ምን ታደርጊያለሽ፣ ቤቱን አከራይተሽ በዚያው ከእኛ ጋር ኑሪ ብላታለች። አስካለ ይህን ነግራኝ ፊት ፊቴን አየችኝ።

«ምን ትላለህ?»

እስቲ አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እኔ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ።

«ጥሩ ነው፤ ሐዋሳ አየሩ ይስማማል» አልኩ።

አየሩ! አየር ብቻ አጎረስኳት። አስካለ ስንት ዓመት ያላየችውን የእጅ ሰዓቷን አየች። «ሁለት ደቂቃህ ሞላ» ብላኝ ወደ ደረጃው ሄደች።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍም የለኝ። እሑድ እነግራታለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መዝገብ ቤት ተቀምጬ በአሮጌ ወረቀት ኅዳግ ላይ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ አሳጠርኩት። እሑድ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ካዛንቺስ ሣሩ ዳር ቆሜ ሞተሩን እያበረድኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። አስካለ ናት። ልጇ ቀኗ ሳይደርስ ሌሊት ወለደች፤ ሴት ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው። አራት ሰዓት ላይ ከቤት እወጣለሁ አለች። ደኅና ሁን አለችኝ። በስልክ ነው ያለችኝ፣ ከዚያ ሁሉ መስኮት በኋላ።

ሰዓቱ ሦስት አልፏል። ደንብ አስከባሪው እንደዚያ ቀን ፈጥኜ ስነሣ አይቶኝ አያውቅም። ቤንዚን ቆጣቢው ሰውዬ ነዳጁን ረገጥኩት። ቱርቦው አፏጨ። ጠጠሩም ተንቋቋ። እስከ ጎተራ ድረስ መንገዱ ተይዞ ነበር፤ ማሳለጫውን ወጥቼ ወደ ሳሪስ የሚወስደው መንገድ ክፍት ብሎ ሲታየኝ እስከ ታች ድረስ ረገጥኩት። አንድ ወር ሙሉ ያስራብኩትን ሞተር ኃይል አምጣ አልኩት። ሰጠኝ፤ ያለውን ሁሉ ሰጠኝ፤ ምናልባት ሃምሳ ሜትር። ከዚያ ፉጨቱ ተቋረጠ፣ አንድ የታፈነ ምት ተሰማ፣ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ የኋላ መስታወቴ በጭስ ተሞላ። ዳር ይዤ ቆምኩ። አልተነሣችም።

ከኋላ መፍቻ አውጥቼ አንዷን ካንዴላ ፈታሁና ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ደወልኩ።

«ቀለሙን ንገረኝ» አሉ።

ነጭ ነበረች። አስካለ ሰሌዳ ላይ እንደምትጽፍበት ጠመኔ ነጭ፤ ላይዋ ላይ ደግሞ የቀለጠ ብረት ፍንጣሪ ተበትኖባታል። ነገርኳቸው።

«ስንት ጥርስ አጠበቅክ?»

«አምስት።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። እሳቸው መኪናዋ ያለችበትን ቦታ ጠየቁኝ፣ ቁልፉን የት እንደማስቀምጥላቸው ነገሩኝና፣ ለእሷ እኔ እመጣላታለሁ፣ አንተ መምህርቷ ሳትሄድብህ ድረስ አሉኝ። እኔ ስለ መምህርቷ ለጋሽ ሸምሱ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም። ይህንኑ ስላቸው በስልኩ ውስጥ ሳቁብኝ።

«ሁለት ደቂቃ ብዬህ አሥር ደቂቃ ስትቆም፣ ጋራዤ ከግንቡ ወዲያ አልነበረም እንዴ?»

ካንዴላዋን በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩና ሚኒባስ ላይ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ ሌላ ሚኒባስ። ከዚያ በእግሬ። አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም። በሯ ጋ ስደርስ ግን አላንኳኳሁም። ቆምኩ። ልብ በሉ፣ አራት ሰዓት ሆኗል፣ ሴትዮዋ ልትሄድ ነው፣ እኔ በሩ ላይ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ሃያ ዓመት የለመደ ሰውነት ደርሶ ወዲያው አይገባም፤ ያበርዳል። አይ እኔ!

በሩ ራሱ ተከፈተ። አስካለ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሻንጣዋን ይዛ ልትወጣ ስትል ግንባር ለግንባር ተገጣጠምን።

«መኪናህን አልሰማሁም» አለች።

«ሞተች።»

«ታዲያ እዚህ ቆመህ ምኑን ታበርዳለህ?»

ሻንጣዋን ተቀበልኳትና ወረድን። ሚኒባሱ ውስጥ በመካከላችን አንዲት ወፍራም ሴትዮ ከነዘንቢሏ ስለገባች እስከ መናኸሪያው ድረስ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ቲኬቱን ቆረጥን፣ ሻንጣውን ጫንን፣ አስካለ ወጥታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ ቀሪ ተሳፋሪ ይጠብቃል። እኔ ከሥር ቆምኩ። የአውቶቡሱ ጭስ ቀጥ ብሎ ፊቴ ላይ ይመጣል።

አያችሁ አይደል? ሞተሩ ይሠራል፣ መስኮቱ ተከፍቷል፣ ግን የተሳፈረችው እሷ ናት፣ ጭስ የሚገባበት እኔ ነኝ። እሷም ያወቀች መሰለኝ። ክንዷን መስኮቱ ላይ አሳረፈችና ሰዓቷን አየች።

«ሁለት ደቂቃ አለህ» አለችኝ።

በአሮጌ ወረቀት ኅዳግ ላይ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋብኝ። ከኪሴ ያገኘሁት ካንዴላዋን ብቻ ነው። አውጥቼ ሰጠኋት። ይህ ምንድን ነው ስትለኝ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ማኪያቶ መምሰል እንደነበረባት፣ ረቡዕም ልመጣ ብዬ አምስት ጥርስ እንዳጠበቅኩ፣ የልጇን ቀይ ጥፍር ቀለም እያየሁ እንዳለፍኩት፣ ሞተሩ በረሃብ እንደቀለጠ። ሰዎች ያዩናል። ከኋላዋ የተቀመጠው ሽማግሌ አንገቱን አውጥቶ ይሰማኛል። አላቆምኩም።

«ሐዋሳ አየሩ ይስማማል ያልኩሽ» አልኳት፣ «ውሸቴን ነው። ማለቴ፣ አየሩስ ይስማማል። አንቺ ግን እዚያው እንድትቀሪብኝ አልፈልግም። ያን ሁሉ ዓመት ቱርቦው ሁለት ደቂቃ ይበቃው ነበር፣ አስካለ። የቀረውን የቆምኩት ለአንቺ ነው።»

አስካለ ካንዴላዋን በጣቶቿ አገላበጠች። የተሳሳተ የፈተና ወረቀት ስታይ እንደምታደርገው ነው ያደረገችው፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ምልክት የት ላይ እንደምታደርግ እየፈለገች።

«ይህን ለማለት ሞተር መሞት ነበረበት?» አለች በመጨረሻ።

ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ሰማሁ። አስካለ ካንዴላዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደኔ ዝቅ ብላ ቶሎ ቶሎ ተናገረች። ሰማንያ ቀን ነው አለችኝ። ክርስትናዋን አስነሥቼ እመጣለሁ። ቤቱን አላከራየውም። አንተ መኪናዋን አሠራት፤ ሚኒባስ ወገቤን ፈጅቶታል። አውቶቡሱ ሁለት ደቂቃው ሳይሞላ ተንቀሳቀሰ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰረቅኩትን ጊዜ ሹፌሩ የቀነሰብኝ ነው የመሰለኝ።

ጋሽ ሸምሱ ሞተሩን ፈተው አንዱን ፒስቶን አሳዩኝ። አናቱ ላይ አውራ ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ሌላ ፒስቶን መርካቶ ውስጥ እያፈላለጉ ነው፤ እንዲህ ላለ አሮጌ ሞተር ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል ብለውኛል። አይቸኩሉ አልኳቸው። ጥቁሯን ሣጥን ከፍተው ጥርሷን ወደ ቀይዋ ነጥብ መለሱ። ከነጥቧም አንዲት ጥርስ ላላ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ይጥገብ ስላቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩትን አደረጉልኝ።

ሕፃኗ ሴት ሆነችና ነው እንጂ ወንድ ቢሆን ኖሮ ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነበር። ቅር አላለኝም። ማለቴ፣ ትንሽ ብሎኛል። ዛሬ ሠላሳ አንደኛው ቀን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካዛንቺስ ሣሩ ዳር በእግሬ ስሄድ ደንብ አስከባሪው መኪናህስ አለኝ፤ ታማለች፣ ትድናለች አልኩት። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በየቀኑ ሐዋሳ እደውላለሁ። ድሮ ያብቃቃሁትን ሁሉ አሁን እየዘረገፍኩት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን፣ የላንቻን፣ እንዴት እንደናፈቀችኝ፣ ያንኑ ደግሞ እንደገና። ትናንት ሕፃኗን ጭኗ ላይ እያስተኛች ታዳምጠኝ ነበርና፣ «ታምሩ፣ በቃህ፤ አሁንስ አበዛኸው» አለችኝ። ስልኩን ግን አልዘጋችውም።

እኔም አላቆምኩም። ጋሽ ሸምሱ ያሉኝ ሲበዛ ያረጃል ነው። ማርጀቱን እንደሆነ አርጅተናል።